«ሎፍቲ» ማንን ያከብራል፣ ማንን ይነካል?

ዛሬ የምንመለከተው «ሎፍቲ» የተባለውን የእንግሊዝኛ ቅጽል ነው። መዝገበ ቃላት ብትገልጡ «በጣም ከፍ ያለ» የሚል ፍቺ ታገኛላችሁ። ፍቺው ልክ ነው፤ በእሱ ብቻ ተማምኖ ቃሉን የተጠቀመ ሰው ግን ያላሰበውን ሊናገር ይችላል።

እኛ «ረጅም»ን ለሰውም፣ ለዛፍም፣ ለመንገድም፣ ለስብሰባም እናውለዋለን። እንግሊዝኛ ይከፋፍለዋል፦ መንገድና ስብሰባ «ሎንግ»፣ ሰውና ዛፍ «ቶል»፣ ተራራ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «ሃይ» ነው። ተማሪዎቻችን ቁመተ ረጅም ወንድማቸውን «ሎንግ» የሚሉት ከዚህ የተነሣ ነው። «ሎፍቲ» ከእነዚህ ሁሉ ከበድ ይላል፤ ከንግግር ይልቅ ጽሑፍ ይስማማዋል። ራስ ዳሸንን ወይም የአንድ ትልቅ ካቴድራል ጣሪያን ቢገልጹበት ያምራል። የጎረቤትን አጥር ሎፍቲ የሚል ግን የለም።

ቃሉ እንዲህ ከፍ ብሎ የቀረው ከሥሩም ነው። ከ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች አየሩንም፣ ሰማዩንም፣ የቤትን ላይኛ ክፍልም የሚጠሩበት አንድ ቃል ነበራቸው። ከእሱ «ሎፍት» መጣ፤ እንደ እኛ ቆጥ ያለ፣ ከጣሪያ ሥር የሚገኝ ቦታ ማለት ነው። «ሎፍቲ» የወጣው ከዚህ ነው። በየሕንፃው የምንሳፈርበት ሊፍትም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጀርመኖች አየርን «ሉፍት» ይሉታል፤ ሉፍታንሳ የተባለው አየር መንገድ ስም የሚጀምረው በዚሁ ቃል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ቃሉ ወደ ሰው ሲዞር። አንድን ሰው፣ አነጋገሩን ወይም አኳኋኑን «ሎፍቲ» ካላችሁት፣ ሰሚው በአብዛኛው የሚረዳው ቁመቱን አይደለም። ሰውን ቁልቁል የሚያይ፣ የሚኮራ ነው ማለታችሁ ነው። አለቃውን ሊያመሰግን ብሎ በዚህ ቃል የጠራ ሠራተኛ ሰድቦት ያርፋል።

ሐሳብና ዓላማ ላይ ሲውል ደግሞ ክብር ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1945 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተፈረመው የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር ጦርነትን ለማስቀረት፣ የሰውን ክብር ለመጠበቅ ይነሣል። ይህን ዓይነቱን ዓላማ «ሎፍቲ» ማለት ተገቢ ነው። ሆኖም ጋዜጦችን ስታነቡ ቀጥሎ የሚመጣውን ዓረፍተ ነገር ልብ በሉ፤ ብዙ ጊዜ «ግን» የሚል ይከተለዋል። ዓላማው ትልቅ ነው፣ ግን ገንዘቡ የታለ? ግን ማን ይፈጽመዋል? ቃሉ ሲያከብርም እንኳ «ከመሬት ርቋል» የሚል ጥርጣሬ ያዝላል።

ስለዚህ ለሥራ ወይም ለትምህርት ዕድል ስታመለክቱ የራሳችሁን ዕቅድ «ሎፍቲ» አትበሉት፤ እዚያ «አምቢሽየስ» ይሻላል። «ሎፍቲ»ን ለሌላ ሰው ዓላማ አቆዩት፣ ያውም ከልባችሁ ስታደንቁት።