ሁለት ደሴቶችና የሚዛን ቁጥር



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ባሕር ዳርቻ ነው። ባሕር ዳርቻ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው መዝናኛን ነው። ዳርቻው እርሻቸው የሆነላቸው ሰዎች ግን አሉ። ሁለት ደሴቶችን እንመልከት። ደሴት ማለት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ መሬት ነው። አንደኛዋ ደሴት ጄጁ ትባላለች፤ የምትገኘው በደቡብ ኮሪያ ነው። ሁለተኛዋ ዛንዚባር ናት፤ እርሷም በታንዛኒያ ትገኛለች። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ጄጁ። ጄጁ እሳተ ገሞራ የፈጠራት ደሴት ናት። መሬቷ ድንጋያማ ነው፤ ውኃ አይዝም። ለሩዝ እርሻ አይመችም። ስለዚህ ሴቶቹ ወደ ባሕር ወረዱ። እነዚህ ሴቶች ሄንዮ ይባላሉ፤ የባሕር ሴቶች ማለት ነው። የአየር መሣሪያ አይዙም። ትንፋሻቸውን ውጠው እስከ 10 ሜትር ድረስ ይጠልቃሉ። ከድንጋይ ላይ ባለ ዛጎል እንስሳትንና የባሕር አረምን ይለቅማሉ። ድሮ በውኃ ላይ የሚደገፉት በቅል ነበር። አዎ፣ እኛ እንደምናውቀው ያለ ቅል!

ድሮ በዳርቻው ላይ በድንጋይ የታጠረ የእሳት ቦታ ነበራቸው። እዚያ ይሞቁ፣ ልብስ ይለውጡ፣ ይመካከሩም ነበር። መቼ እንደሚለቀም፣ መቼ እንደሚታገድ የሚወስኑት አብረው ነው። እንስሳቱ በሚራቡበት ወራት መልቀም ክልክል ነው። ጥልቀት የሌለው ውኃ ደግሞ ለአሮጊቶች የሚተውበት መንደር አለ። ጉልበት ያላት ወደ ጥልቁ ትሂድ፣ የደከመችው በቅርብ ትልቀም ማለታቸው ነው።

አሁን ልብ ብላችሁ አድምጡ። ኮሪያ በጃፓን ቅኝ ግዛት ሥር በነበረችበት ጊዜ የሴቶቹን ምርት የሚገዛው ማኅበር በጃፓን ሹማምንት እጅ ነበር። ማኅበሩ ዋጋ ያጎድልባቸው ነበር። በሃዶ መንደር የነበሩ ወጣት ሴቶች ቀን ሲጠልቁ ውለው ማታ ማታ መማር ጀመሩ። ፊደል ቆጠሩ፤ የሚዛን ቁጥር ማንበብም ተማሩ። ቁጥሩን ማንበብ የቻለች ሴት ምን ያህል እንደተወሰደባት ታውቃለች! በ1932 በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች በገበያ ቀን ተሰብስበው አቤቱታቸውን አሰሙ። ከመሪዎቹ መካከል የማታ ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ነበሩ። ታሰሩ፤ ታሪካቸው ግን ዛሬም ይነገራል።

አሁን ወደ ዛንዚባር እንሻገር። ዛንዚባር በ19ኛው መቶ ዓመት የዖማን ሱልጣኖች መቀመጫ ነበረች። የቅርንፉድና የባሪያ ንግድ ደርቶባት ነበር። የባሪያው ገበያ የተዘጋው በ1873 ነው። በ1964 አብዮት ተነሣ፤ በዚያው ዓመት ከታንጋኒካ ጋር ተዋሕዳ ታንዛኒያ ተመሠረተች።

በምሥራቁ ዳርቻ የሚኖሩ ሴቶች ድሮ ከኮኮናት ልጣጭ ገመድ ይሠሩ ነበር። ውኃው ሲሸሽም በዳርቻው ምግብ ይለቅሙ ነበር። ከ1989 ጀምሮ ግን የባሕር አረም ለሽያጭ ማልማት ተጀመረ። ውኃው ሲሸሽ ችካል ይተክላሉ፤ በችካሎቹ መካከል ገመድ ይወጥራሉ፤ በገመዱ ላይ አረሙን ያስራሉ። ከሳምንታት በኋላ ይሰበስባሉ፣ ያደርቃሉ፣ በኪሎ ይሸጣሉ። ከአረሙ የሚወጣው ነገር ለጥርስ ሳሙናና ለምግብ መሥሪያ ይውላል። ከሚያለሙት ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። በዚህ ገንዘብ ልጅ ያስተማረች አለች፤ ቤት የሠራችም አለች።

እንግዲህ ሁለቱን እናወዳድር። በሁለቱም ደሴቶች የዳርቻውን ሥራ የያዙት ሴቶች ናቸው። ልዩነቱ ምንድን ነው? የጄጁ ሴቶች ስለ ባሕሩ በማኅበር ይወስናሉ። በዛንዚባር ግን እያንዳንዷ የራሷን ገመድ ትይዛለች፤ የኪሎውን ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው።

ሁለቱም ችግር ላይ ናቸው። በጄጁ በ1960ዎቹ ከ20,000 በላይ የነበሩት ጠላቂዎች ዛሬ 3,000 አይሞሉም። አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ነው። በዛንዚባር ባሕሩ እየሞቀ ነው። ሙቀቱ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣውን አረም ይገድለዋል። ጠለቅ ወዳለው ውኃ እንዳይሄዱ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። ሆኖም ዋና የሚማሩ ሴቶች አሉ። አንዳንዶቹም ጥሬውን አረም በርካሽ ከመሸጥ ብለው ተሰባስበው ሳሙና እየሠሩበት ነው።

“ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ይባል የለ? ማበር ግን ብቻውን አይበቃም። የሃዶ ሴቶች አብረውም ነበር፣ አንብበውም ነበር። ሚዛኑን ማንበብ ያልቻለ ሰው “ተበደልኩ” ቢል እንኳ በስንት እንደተበደለ መናገር ያቅተዋል።

እናንተም እህል፣ ቡና ወይም በርበሬ ትሸጡ ይሆናል። ወደ ገበያ ስትሄዱ ሚዛኑ ፊት ቁሙ። ቁጥሩን ራሳችሁ አንብቡ፤ በደብተራችሁም ጻፉት። ያላነበበ ጎረቤት ካላችሁ አንብቡለት፤ ከዚያም አስተምሩት።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች፦
1. የሃዶ ሴቶች ሚዛን ማንበብ መቻላቸው ምን ጠቀማቸው?
2. ጥልቀት የሌለውን ውኃ ለአሮጊቶች መተው ጥቅሙ ምንድን ነው?
3. በመንደራችሁ የምርታችሁን ዋጋ የሚወስነው ማነው?