ያገለገለ ፒካፕ ሲገዛ፦ ፍጥነቱ ወይስ ጉልበቱ?



ያገለገለ ፒካፕ ፈላጊ ብዙውን ጊዜ ሳቢያን አስፋልት ላይ ነድቶ በፍጥነቱ ይማረካል። ዕለታዊ ጭነትንም ተሳቢንም የሚፈትነው ግን የደንገጎ ዳገት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ስትሆን፣ ደንገጎ 2,000 ሜትር ያህል ነው። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል።

ስለዚህ ገዢው ከመካኒክ ጋር ሆኖ መኪናውን ጭኖ ዳገቱን ያውጣው፤ የሞተሩን ሙቀትና ፍሪሲዮኑን ይመልከት። የሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከር። የተሳቢው ክብደት ፋብሪካው ከፈቀደው አይለፍ። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን ብቻ ሲረገጥ ይግላል፣ መያዙንም ይተዋል።

ሽንኩርት ቢዘገይ ዋጋው ይቀንስ ይሆናል፤ የሰው ሕይወት ግን አይተካም። እንግዲህ ፈጥኖ ከሚሮጠው ይልቅ ጭኖ የሚወጣውና በሰላም የሚቆመው ይመረጥ።

መልካም የምሥረታ በዓል!