የያኪማን ድምፅ ማን ዋጠው?

(ሲያትል ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር፤ በመጠኑ አጥሮ የቀረበ)



የጋበዙኝ ሰዎች «ስለ አገራችን ምርጫ አውራን» ነበር ያሉኝ። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ የማወራችሁ የካስኬድን ተራራ ተሻግሮ፣ ከዚህ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ርቃ ስለምትገኘው ስለ ያኪማ ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ያኪማ የፖም አገር ናት። ቢራውን የሚያመርረው ሆፕስ፣ የነሱ ጌሾ በሉት፣ የሚበቅለውም እዚያው ሸለቆ ውስጥ ነው። ፖሙን የሚለቅመው እጅ በአብዛኛው የላቲኖ እጅ ነው። በ2010 ቆጠራ ከከተማው ሕዝብ 41 በመቶ ያህሉ ላቲኖ ነበር። ከ1976 ጀምሮ በሠራው የምርጫ ደንብ ግን ለከተማው ምክር ቤት ተወዳድሮ ያሸነፈ ላቲኖ አልነበረም። አንድም! በ2008 አንዲት ሴት በተጓደለ ወንበር ተሹማ ገብታ ነበር፤ በ2009 ምርጫ ሲመጣ ተሸንፋ ወጣች።

ኮሮጆ ተገለበጠ? የለም። ታዛቢ ተባረረ? ተወዳዳሪ ታሰረ? እሱም የለም። ግራ የሚያጋባውም ይኸው ነው። እኛ ድምፅ ተሰረቀ ሲባል የምናውቀው በሌሊት የሚሠራውን ሥራ ነው። የያኪማው በጠራራ ፀሐይ፣ በደንብና በሥርዓት የሚካሄድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ምክር ቤቱ ሰባት ወንበር አለው። ሦስቱን የሚመርጠው መላው ከተማ ነበር። ለአራቱ ተወዳዳሪዎች ከየወረዳቸው ይወጣሉ፤ በመጀመሪያው ዙር የሚመርጠውም የወረዳው ሰው ብቻ ነው። ይህን ስትሰሙ «ታዲያ ምን ጎደለ?» ትሉ ይሆናል። ሁለት ተወዳዳሪ ሲቀር የመጨረሻውን ዙር የሚመርጠው አሁንም መላው ከተማ ነበር! ላቲኖ የሚበዛበት የምሥራቁ ሠፈር የሚወደውን ሰው ለመጨረሻው ዙር ያበቃል፤ ኖቬምበር ላይ የምዕራቡ ሠፈር በብዛቱ መጥቶ ይጥልበታል። ዕድሜያቸው የደረሰና ዜግነት ያላቸው ሲቆጠሩ ደግሞ ላቲኖዎቹ ከመራጩ ሩብ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሩብ የማይሞላ ሕዝብ፣ የቀረው ሁሉ በአንድ ላይ ከቆመበት፣ ሰባት ወንበር ላይ ሰባት ጊዜ ይሸነፋል።

በ2011 «ሰባቱም ወንበሮች በየወረዳው ይመረጡ» የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀረበ። ማን ፊት? ያው መላው ከተማ ፊት። ወደቀ። በማግስቱ ዓመት፣ በኦገስት 2012፣ የአሜሪካ የዜጎች ነፃነት ማኅበር፣ ኤ ሲ ኤል ዩ የሚባለው፣ በሁለት ነዋሪዎች ስም ከተማውን ከሰሰ። በዚያው ወር ደግሞ ለክርክሩ የተመቸ ነገር ተፈጠረ። ለክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የተወዳደሩት ዳኛ ስቲቨን ጎንዛሌዝ በመላው ዋሽንግተን አሸነፉ፤ ያኪማ ካውንቲ ላይ ግን ይህ ነው የሚባል ቅስቀሳ ባላደረገ ተፎካካሪያቸው በሰፊ ልዩነት ተበለጡ። የስሙ ነገር ነው ያሉ ብዙ ናቸው። እኔም ሌላ ምክንያት አይታየኝም።

ክሱ የቆመው በ1965ቱ የመምረጥ መብት ሕግ ላይ ነው። ሕጉ በ1982 ሲሻሻል ከሳሽ «ሆን ብለው ነው ያደረጉት» ብሎ ተንኮልን ማስረዳት አይጠበቅበትም ተባለ፤ ውጤቱን ካሳየ ይበቃዋል። የሰው ልብ ውስጥ ገብቶ ማን ያያል? የፌዴራሉ ዳኛ ቶማስ ራይስ ኦገስት 22 ቀን 2014 ነገሩ ለሙሉ ችሎት እንኳ ሳይደርስ፣ በቀረበው ሰነድና ማስረጃ ብቻ፣ የከተማው ደንብ ሕጉን ይጥሳል ብለው ፈረዱ።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንምጣ። «አስተካክሉ» ሲባል ያመጣው ምንድን ነው? አምስት ወረዳና መላው ከተማ የሚመርጣቸው ሁለት ወንበሮች። ለሁለቱ አንድ መራጭ አንድ ድምፅ ብቻ ይኖረዋል፤ ብዙ ያገኙት ሁለት ሰዎች ይገባሉ። የመጣችው ለማኝ ሳይሆን እኩል ባለቤት ሆና ሳለ፣ ከማዕዱ ጥግ ትቀመጥ እንደማለት ነው። ዳኛው አልተቀበሉትም። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2015 የከሳሾቹን የሰባት ወረዳ ካርታ አጸደቁ። በየወረዳው የሚመርጠው በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ዙር የወረዳው ሰው ብቻ፣ ሰባቱም ወንበሮች በዚያው ዓመት ለውድድር ክፍት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ያ ምክር ቤት የራሱን አባላት ከወንበር ሊያነሳ የሚችል ምርጫ፣ በማይወደው ካርታ፣ በወራት ውስጥ እንዲያካሂድ ታዘዘ። ተናደደ፣ ይግባኝ አለ፤ ዳኛውን ግን ማንም አላስፈራራም፣ ማንም ወደ ሌላ ቦታ አላዛወራቸውም። ምርጫውም ቀኑን ጠብቆ ተካሄደ። አገር ቤት ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ እኔን ያስቀናኝ ካርታው አይደለም፤ ይኼ ነው።

በኖቬምበር 2015 ሦስት ላቲናዎች፣ ዱልሴ ጉቲዬሬዝ፣ አቪና ጉቲዬሬዝና ካርመን ሜንዴዝ፣ ምክር ቤት ገቡ። ከተማው ደግሞ ለከሳሾቹ ጠበቆችና ወጪ 1.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ከየት ይከፈላል? ከግብር ከፋዩ፣ ፖም ለቃሚውን ጨምሮ። በቀጣዮቹ ምርጫዎች ግን የላቲኖ አባላት ቁጥር ከሦስት ወርዷል። ዳኛ መስመር ያሰምራል እንጂ ቤት እያንኳኳ መራጭ አይቀሰቅስም።

ይህን ሁሉ እዚህ ለእናንተ የማወራው ለምን ይመስላችኋል? ሲያትልም ከ1910 ዓ.ም. ጀምሮ ምክር ቤቷን የምትመርጠው እንደ አንድ ወረዳ ሆና ነበር። በ2013 መራጩ ራሱ፣ ያለ ዳኛ ትእዛዝ፣ ሰባት ወረዳና ሁለት የመላው ከተማ ወንበሮች እንዲሆኑ ወሰነ። የመጀመሪያው ምርጫ የተካሄደው እንደ ያኪማ በ2015 ነው። ሬኒየር ሸለቆ፣ እንጀራ የምትገዙበት ሠፈር፣ ሁለተኛው ወረዳ ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት ብሩስ ሃረል ታሚ ሞራሌስን ያሸነፉት በስንት ድምፅ መሰላችሁ? በ344! የአበሻ ሠርግ ላይ 344 ሰው ቢመጣ ባለሠርጉ «እንግዳው ቀረብን» ብሎ ያዝናል።

የአሜሪካ ዜግነት ወስዳችሁ ለመራጭነት ያልተመዘገባችሁ እጃችሁን አውጡ አልልም፤ አላሳፍራችሁም። ጥያቄ ያለው ይቀጥል።