ውሻ ከመምረጥ በፊት
(በተማሪዎች ማኅበር የንግግር ምሽት የቀረበ)



ዛሬ የምናገረው ስለ ቤት ውሻ ነው። ጉዳዩ ቀላል መስሎ ይታያችሁ ይሆናል። በአገሬ በሁሩታ ግን የልጅ ሕይወት ጉዳይ ለመሆን ጥቂት ነበር የቀረው።

ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ስሄድ አንድ ዘመዳችን ለታናሽ እኅቴ የስፓንየል ቡችላ ሊሰጣት ቃል ገብቶላት ነበር። አባቴ ፈቀዱ፤ እናቴ ግን «ውሻ ከቤት አይገባም» ብለው ተቃወሙ። እኔም «የተማርኸው አንተ ነህና ፍረድ» ተባልሁ።

እንግዲህ ስፓንየል የአውሮፓ አዳኞች ወፍ ከቁጥቋጦ እንዲያስነሣላቸው ያረቡት ዘር ነው። ጠባዩ ገር ስለሆነ ከልጆች ጋር ይስማማል። ነገር ግን ውበቱ ሥራ አለበት። የተንጠለጠለው ጆሮው አየር ስለማያስገባ በቶሎ ይቆስላል፤ ስለዚህ በየሳምንቱ ተገልጦ መታየት ይገባዋል። ጠጉሩ ካልተበጠረ ይቋጠራል፤ መዥገርም ይሸሸግበታል። ካልሮጠ ይወፍራል፤ ብቻውን ታስሮ ከዋለም ያላዝናል። ዕድሜው ከ12 እስከ 14 ዓመት ስለሆነ፥ አንደኛ ክፍል ሳለች የተቀበለችው ልጅ ሁለተኛ ደረጃ እስክትጨርስ ልትጠብቀው ነው። መራጭም 8 ሳምንት ሳይሞላው ከእናቱ ያልተለየ፥ ዐይኑ የጠራ፥ ጆሮው የማይሸት፥ ሰው ሲቀርበው የማይደነግጥ ቡችላ ይፈልግ።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ በግቢያችን በሰንሰለት የታሰረውን የራሳችንን ውሻ አየሁት። ስድስት ዓመት ሙሉ ጅብና ሌባ ሲከላከልልን አንድም ቀን ክትባት አላገኘም። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ እኛ ግን ጩኸቱን እንጂ ጤናውን አስበንለት አናውቅም።

ፍርዴን ሳልሰጥ በዚያው ሳምንት እኅቴ ምግብ ስታቀርብለት እጇን ነከሳት። አንዲት ጎረቤት ቅጠል ደቁሰው ይዘው መጡ። እኔ ግን ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጠብሁት። ከዚያም ወደ አዳማ ወስደናት ክትባት ተጀመረላት። ውሻው 10 ቀን ተጠብቆ ጤነኛ መሆኑ ታወቀ። እነዚያን 10 ቀኖች እናቴ እንቅልፍ አላዩም።

የፈራነው የእብድ ውሻ በሽታን ነው። ቫይረሱ በለሃጭ ይገባና በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የተነከሰውን የ9 ዓመት ልጅ በክትባት ከሞት ያተረፈው በ1885 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ዛሬም በዚህ በሽታ ከሚሞቱት ሰዎች ከመቶ 99ኙ የሚይዛቸው ከውሻ ነው። ጉዳቱ በሰው ብቻ አይቆምም፤ በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በባሌ ተራሮች ብዙ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ነገር ግን በአንድ አገር ካሉት ውሾች 70 ከመቶ የሚሆኑት ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል።

በመጨረሻ ፍርዴን ሰጠሁ። «ያለንን ውሻ በደንብ መያዝ እስክንችል ድረስ ሌላ አይምጣ» አልሁ። እኅቴ አለቀሰች። ነገር ግን ውሻችን ተከተበ፤ ቀን ከሰንሰለት ይፈታል፤ ውሃውንም በየጠዋቱ የምትቀይርለት እርስዋው ናት። እናቴም በረንዳ ላይ እንዲተኛ ፈቅደዋል።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንመለስ ቤተሰባችንን ከሰላምታ ቀጥለን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ «ውሻችን ዘንድሮ ተከትቧል ወይ?»