የመልክዓ ምድር ካርታና የገመድ አልባ ኢንተርኔት ዕቅድ በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ



ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርድ መንገደኛ በመኪና 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። በቀጥታ መስመር ለሚሄደው የራዲዮ ሞገድ ግን ርቀቱ 13 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስትገኝ፣ የኮምቦልቻ ከፍታ 1,850 ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ባለው አገር አንዱ ቀበሌ ኢንተርኔት ሲያገኝ ጎረቤቱ በሸንተረር ጥላ ተከልሎ ይቀራል።

ይህን ጥላ አስቀድሞ ለማወቅ የኮምፒዩተር ካርታ ብዙ ይረዳል። ካናዳዊው የአማተር ራዲዮ ባለሙያ ሮጀር ኩዴ ያዘጋጀው፣ በነጻ የሚገኘው ራዲዮ ሞባይል የተባለው ፕሮግራም ለዚህ ሥራ ያገለግላል። ፕሮግራሙ የመሬቱን ከፍታ የሚያገኘው ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በየካቲት 1992 ዓ.ም. በ11 ቀን ጉዞዋ በራዳር ከሰበሰበችው መረጃ ነው።

ይሁን እንጂ ካርታው የሚታመንበት ወሰን አለው። በ5.8 ጊጋ ኸርዝ ለሚሠራ የ13 ኪሎ ሜትር መስመር የሁለቱ አንቴናዎች መተያየት ብቻ አይበቃም። ሞገዱ በጉዞው መካከል ስለሚሰፋ፣ ከመስመሩ በታች 8 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ለራዳሩ ልኬት በዕቅድ የተፈቀደው የከፍታ ስሕተት ግን እስከ 16 ሜትር ነበር። ስለዚህ ካርታው ክፍት ያለው መስመር በእውነቱ ዝግ ሊሆን ይችላል። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የተተከለው ባሕር ዛፍም በዚያ ልኬት ውስጥ የለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ካርታው በቀለም የሚሞላው መሬቱን እንጂ ሕዝቡን አይደለም። ሰው የማይኖርበት ገደል ሽፋን አግኝቶ ትምህርት ቤቱና ጤና ኬላው በጥላ ውስጥ ቢቀሩ፣ ወጪው በከንቱ ፈሰሰ ማለት ነው።

እንግዲህ ዕቅድ አውጪው አስቀድሞ ትምህርት ቤቶችንና ጤና ኬላዎችን በካርታው ላይ ያስፍር፤ ቀጥሎ ምሰሶ የሚተከልባቸውን ኮረብታዎች በፕሮግራሙ ይምረጥ፤ በመጨረሻም ኮረብታው ላይ ወጥቶ በዓይኑ ይመልከት፤ ዛፉ የማን እንደሆነና መቼ እንደሚቆረጥም የአገሩን ገበሬ ይጠይቅ። አባሎች በየተሰማሩበት በእግር ያረጋገጡትን ከፍታ ጽፈው ለማኅበሩ ቢያስቀምጡ፣ በኋላ ለሚመጣው መሐንዲስ ታላቅ ድካም ይቀንስለታል።