የመጋጠሚያው ጥበብ



ልጆቼ፣ ለዚህ የምረቃችሁ በዓል ቃል እንዳሰማ በተጠየቅሁ ጊዜ መምህሮቻችሁ የሮቦት ቡድናችሁ የጻፈውን የሥራ መዝገብ በቸርነታቸው አስቀድመው ልከውልኝ ስለ ነበረ፣ ከመናገሬ በፊት እርሱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብን እንደ ግዴታ ቈጠርሁት፤ ባነበብሁም ጊዜ ከሁሉ አብልጦ ልቡናዬን የያዘው፣ ሮቦታችሁ ሳይታሰብ የቆመበትን ምክንያት እያጣራችሁ የጻፋችሁበት ክፍል ሆነ። ሞተር ተቃጥሎ የቆመበት ጊዜ ጥቂት ነው። የሚበዛው ሕፀፅ የተገኘው የአንዱ ልጅ ሥራ አብቅቶ የሌላው በሚጀምርበት ሥፍራ ነው። አንዲቱ ሞተሩ ወደ ግራ ይዞራል ብላ ኮዱን ስትጽፍ ሌላው በግልባጩ አስሮት ተገኘ፤ ክንዱን ያረዘመው ልጅ ክብደቱ መጨመሩን ለባትሪው ኃላፊ ሳይነግረው ቀረ፤ ሽቦውን የዘረጋው «ማጥበቁ የእርሱ ፈንታ ነው» ብሎ የተወውን ማገናኛ፣ ያኛውም «ሽቦው የእኔ አይደለም» ብሎ አለፈው፤ በማግሥቱም ሮቦቱ በዳኞች ፊት ደርቆ ቀረ።

እኔም ዛሬ ልነግራችሁ የምወደውን ነገር ያገኘሁት በዚሁ በመጋጠሚያው ላይ ነው። እያንዳንዳችሁ በየፊናችሁ ጎበዞች መሆናችሁን የትምህርት ቤት ውጤታችሁ ይመሰክራል፤ ነገር ግን የአንዱ ጉብዝና ከጓደኛው ጉብዝና ጋር እስኪጋጠም ድረስ መንኰራኵር አያዞርምና፣ በዚህ የሥራ ክፍል ውስጥ ያደጋችሁት እድገት የሚታወቀው፣ የምታውቁትን ሳትሰስቱ፣ የማታውቁትንም ሳታፍሩ ለጎረቤታችሁ መናገርን በመልመዳችሁ ነው። ኅብረትን ለማመስገን የሚወዱ ሽማግሎቻችን የሃምሳ ሎሚን ተረት ይጠቅሳሉ፤ ተረቱም ስለ ሸክም የሚናገረው እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሎሚ ሁሉ አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፣ ከሃምሳው ተሸካሚ አንዱ ቢቀር የሚጎድለው አንድ ሎሚ ብቻ ነው፤ በእናንተ ሥራ ግን ሴንሰሩን የያዘችው ልጅ አንድ ቀን ብትዘናጋ የባልንጀሮቿ ሁሉ ድካም ከንቱ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የእናንተ ኅብረት ሸክም ከመካፈል የሚከብድ ዕዳ አለበት፤ ይኸውም የሌላው ሰው ልፋት በእኔ ትጋት ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚኖር እያወቁ ማደር ነው። ይህን ዕዳ በአሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ መሸከም የጀመረ ልጅ፣ ብዙ ሰዎች ጠጕራቸው ከሸበተ በኋላ እንኳ ያላገኙትን ትምህርት አገኘ እላለሁ።

እንዲህ ያለውን የሮቦት ውድድር ለወጣቶች ካቋቋሙት ሰዎች መካከል የአሜሪካው የፈጠራ ሰው ዲን ኬመንና ኤም.አይ.ቲ. በተባለው ስመ ጥሩ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ውዲ ፍላወርስ ስማቸው በክብር ይነሣል። ኬመን «ፈርስት» የተባለውን ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1989 መሠረቱ፤ የመጀመሪያውም ውድድር በ1992 በኒው ሃምፕሺር ግዛት 28 ቡድኖች ተገኝተውበት ተደረገ። እኔን እጅግ ያስደነቀኝ የጨዋታው ሕግ ነው። በትልልቆቹ ልጆች ውድድር ሦስት ቡድኖች በአንድ ወገን፣ ሦስቱም በሌላው ወገን ሆነው ሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል ይጋጠማሉ፤ አጋርነቱ ግን ከጨዋታ ወደ ጨዋታ ስለሚለዋወጥ፣ ጠዋት ያሸነፋችሁት ቡድን ከቀትር በኋላ ከጎናችሁ ሊሰለፍ ይችላል። ፍላወርስም አጥብቆ መወዳደርና ተወዳዳሪን ማክበር በአንድ ልብ ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚገባቸው በ2019 እስከ ዐረፉ ድረስ ሲያስተምሩ ኖረዋል፤ ከዚህም የተነሣ ባትሪ የጎደለበት ወይም ሞተር የተበላሸበት ቡድን ከተፎካካሪው ተውሶ ሲጫወት ማየት በዚያ ሥፍራ የተለመደ ነው። ይህን ሕግ የደነገጉት ሰዎች ስለ ሰው ጠባይ አጥልቀው ያሰቡ መሆን አለባቸው፤ የዛሬውን ባላጋራ የነገ አጋር አድርጎ የሚያይ ልጅ በድል ጊዜ አፉን መግታት ይለምዳልና።

አንድ ታሪክ ግን ረጋ ብዬ ልነግራችሁ እወዳለሁ። እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 በሰኔ ወር፣ በአሪዞና ግዛት ፊኒክስ ከተማ ካለው የካርል ሄይደን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አራት ልጆች፣ ከሁለት መምህራኖቻቸው ጋር ሆነው፣ በካሊፎርኒያ ሳንታ ባርባራ ለተደረገው የውሃ ውስጥ ሮቦት ውድድር ሄዱ። ልጆቹ ከሜክሲኮ መጥተው ያለ መኖሪያ ፈቃድ የሚኖሩ የድኾች ልጆች ነበሩ፤ ሮቦታቸውም የተሠራው ለውሃ ቧንቧ ከሚያገለግል ፕላስቲክ ሲሆን፣ የፈጀው ገንዘብ ስምንት መቶ ዶላር ያህል ነበረ። መምህራኖቻቸውም ልጆቹ በአቻዎቻቸው ከሚሸነፉ ይልቅ በዩኒቨርሲቲዎች ቢሸነፉ እንደሚሻል ስለ ታያቸው፣ ከፍተኛውን ምድብ መርጠው አስገቧቸው፤ በዚያም ምድብ ኤም.አይ.ቲ. ነበረ። የሚያስፈልጋቸውን መሣሪያ ባላወቁ ጊዜ ለማያውቋቸው ባለሙያዎች ስልክ እየደወሉ ይጠይቁ ነበር። በውድድሩ ዋዜማም ኤሌክትሮኒክሱን የያዘው ሳጥን ውሃ ማስገባቱ ታወቀ። ሌሊቱን በሆቴላቸው ሽቦዎቹን እንደ ገና ሲበይዱ አደሩ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ውሃውን የሚመጥ ነገር እንዲፈልግ ተልኮ ወደ መደብር ገባ፤ የሚሻለውም ሴቶች በወር አበባቸው ጊዜ የሚጠቀሙበት መጣጭ ጥጥ ሆኖ ስለ ተገኘ፣ ያ ጎረምሳ ኃፍረቱን ውጦ አንዲት የማያውቃትን ሴት የትኛው አብልጦ እንደሚመጥ ጠየቃት፤ ገዝቶም ተመለሰ። ሳጥኑም ዳነ።

ውጤቱ በተነገረ ጊዜ ኤም.አይ.ቲ. ሁለተኛ ሆነ፤ እነዚያ አራት ልጆች አንደኛ ወጡ፤ በቴክኒክ ጽሑፍም ሽልማት ተጨመረላቸው። ድሉ የመኖሪያ ፈቃድ አላስገኘላቸውም፤ የዩኒቨርሲቲም ደጅ ለእነርሱ በቀላሉ አልተከፈተም፤ ይህን የምነግራችሁ፣ መልካም ሥራ ሁሉ ወዲያው ዋጋውን ያገኛል ብዬ ላታልላችሁ ስለማልወድ ነው። ይልቁንም ያንን ጎረምሳ በመደብሩ ውስጥ ቆሞ እዩልኝ። ለራሱ ጉዳይ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አፍሮ ይመለስ ነበር፤ በሆቴሉ ጓደኞቹ እየበየዱ እንደሚጠብቁት ስላወቀ ግን ጠየቀ። ሰው ለብቻው ሳለ የማያገኘውን ድፍረት ከባልንጀሮቹ የሚቀበለው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ።

በአገራችን ይህን የመጠየቅና የመነጋገር ጉዳይ አብልጬ የማከብድበት ምክንያት አለኝ። ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚያለፋውን ስንሰድብ ኖረን፣ ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን መስደብ እንዲቀር በአዋጅ እስኪከለክሉ ደርሰን ነበር፤ በስድብ የኖረ ጥበበኛም ሙያውን ከልጁ በቀር ለማንም ሳያሳይ ወደ መቃብር ይዞት ቢወርድ አይፈረድበትም። የጥበበ እድ ክብር እየተመለሰ ነው፤ ዕውቀትን የመሸሸግ ልማድ ግን በየመሥሪያ ቤታችን ገና እንዳለ ነው፤ ወጣቱ መሐንዲስ የማያውቀውን ቢጠይቅ የሚናቅ እየመሰለው፣ አዛውንቱም የሚያውቀውን ቢያስተምር ወንበሩን የሚያጣ እየመሰለው፣ ሁለቱም ዝም ብለው ይቀመጣሉ፤ ከዝምታቸውም የተነሣ የሚቆመው ሥራ ከሮቦት እጅግ የሚበልጥ ነው። እናንተ ወደነዚህ መሥሪያ ቤቶች ትገባላችሁ። በገባችሁም ጊዜ በዚህ የለመዳችሁትን «አላውቅም፣ አሳየኝ» የሚለውን ቃል እንዳትተዉት በብርቱ እለምናችኋለሁ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ ቆይቶ እጁ በዘይት ጠቁሮ ሲመጣ ጥናቱ እንዳይጎዳበት መስጋታችሁ ተገቢ ነበረ፤ ነገር ግን ቀድሞ በቤት ሲቈጡት በር ዘግቶ የሚቀመጠው ልጅ፣ ዛሬ ጓደኛው «ይህ የሠራኸው አልሆነም» ሲለው እስኪጨርስ አዳምጦ «የቱ ላይ ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሆኖ እንደ ሆነ፣ ያ የማታ ጊዜ የት እንደ ዋለ አሁን ታውቃላችሁ።

ልጆቼ፣ ከዚህ አዳራሽ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ ይቀራችኋል። በአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከፍ ያለው ተማሪ እየተማረ ታናሹን ማስተማር የቆየ ሥርዓት ነው፤ እናንተም ያን የሥራ መዝገብ በመጪው ዓመት ለሚተኩት ታናናሾቻችሁ አስረክቡ። ስታስረክቡም የተሸለማችሁበትን ገጽ ሳይሆን የቆማችሁበትን ገጽ አስቀድማችሁ ግለጡላቸው፤ እያንዳንዱ ማገናኛ የት እንደ ላላ፣ ማን ለማን ሳይናገር እንደ ቀረ፣ በምን እንደ ታረቃችሁ አንድ በአንድ አስረዱአቸው፤ እስኪገባቸውም ድረስ ጥያቄያቸው አያሰልቻችሁ። እግዚአብሔር ሥራችሁን ያቅናላችሁ። እንኳን ለዚህ አበቃችሁ።