ሣር ቤትና የመንዝ ገበሬ ቤት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ከዚህ ከብስራተ ገብርኤል አጠገብ «ሣር ቤት» የሚባል ሰፈር እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ስሙን በየቀኑ የታክሲ ረዳት ሲጠራው እንሰማለን። ሣር የለበሰ ቤት ግን በዚያ ብንፈልግ አናገኝም። ስለዚህ ስሙ ብቻ የቀረልን ነገር ምን እንደ ሆነ፣ አባቴ በተወለደበት በመንዝ ካየሁት የገበሬ ቤት ተነሥቼ ጥቂት ልናገር።

መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ፣ ብርዱ የጠና ደጋ ነው። እንጨት ብርቅ፣ ድንጋይ ግን እንደ ልብ ስለ ሆነ ግድግዳው በድንጋይና በጭቃ ይካባል። ሜዳው ለእርሻ ይፈለጋል፤ በክረምትም ውሃ ይተኛበታል። ስለዚህ ቤቱ ከተዳፋቱ ላይ፣ ጀርባውን ለነፋስ ሰጥቶ ይቆማል። ሙቀት እንዳይወጣ በሩ ጠባብ ነው። ከውስጥ ምድጃው፣ መደቡና የእህሉ ጎታ አሉ፤ ከብቶቹም በዚያው ጣራ ሥር በጋጣቸው ያድራሉ፤ ትንፋሻቸው ቤቱን ያሞቃል። የምድጃው ጭስ ዐይን ቢያቃጥልም ወራጁን ከነቀዝ ይጠብቃል። ክዳኑ ሾጠጥ ያለው ዝናቡ ሳይሰርግ እንዲወርድ ነው።

ሣሩስ ከወዴት ይመጣል? ጓሳ ከሚባለው ከፍተኛ ተራራ ነው። ነገር ግን ማንም በፈለገው ቀን አያጭደውም ነበር። ስፍራው ለዓመታት ተዘግቶ ይጠበቃል፤ ሣሩ ሲደርስ በስምምነት ተከፍቶ ሁሉም ድርሻውን ያጭዳል። ይህ የአባቶች ሥርዓት ከ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ጓሳ ዛሬም በአካባቢው ሕዝብ ይጠበቃል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። እንግዲህ የቤቱ ክዳን የሚጸናው በባለቤቱ ጉልበት ብቻ ሳይሆን በጎረቤቶች ቃል ኪዳንም ነበር ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት የአያቴ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ክዳን መለወጥ ድካም ስለ ሆነ ደስ አለን። ሌሊት ዝናብ ሲጥል ግን አያቴ የሚያወሩልን ተረት አልሰማ አለን፤ እሳቸውም ከመካከሉ ትተው ዝም አሉ። ክዳኑን ያሰሩት ሽማግሌም አልፈዋል፤ ሙያቸውን የተማረ የለም።

ወደ ሣር ቤት እንመለስ አልልም። ነገር ግን ጓደኞቼ፣ በመጪው ዕረፍት ወደ አያቶቻችሁ ስትሄዱ ቤቱን በእርምጃ ለኩ፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ጠይቁ፤ ጽፋችሁም ለቤተ መጻሕፍታችን አምጡ። አለዚያ የሚቀርልን የታክሲ ማቆሚያ ስም ብቻ ይሆናል።